ያልተተኮሰበት ምሽግ

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ አገሬን የጠየቁኝ የሹራባቸውን ቁልፍ እየቆለፍኩላቸው ሳለ ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፍ እምቢ ይላቸዋል። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስላቸው ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። በዚያ ዘመን ይህን ስል የሚሰማኝ ሁሉ የሚያነሳብኝ ረሃቡን ነበር። ቴሌቪዥኑ ወሎን፣ የገዛ አገሬን ሰው፣ እያሳየ የአውቶቡስ ሾፌሩ ሳይቀር ያዝንልኝ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ተናገሩ።

«ጣሊያን እናንተ ላይ ሲዘምት እኔ ተማሪ ነበርኩ» አሉኝ። «አባቴ ጋዜጣውን አንብበው ሲጨርሱ ምን አሉ መሰለሽ? ኢትዮጵያን ዝም ብለው ካስበሏት እኛንም ያስበሉናል አሉ።»

«እናንተ ማን ናችሁ?» አልኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አሜሪካዊ ይመስሉኝ ነበር።

«ቼኮዝሎቫኪያ» አሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሲያትል ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሱዳን በኩል ነው የወጣነው። ባለቤቴ ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዳል፤ እኔ ደግሞ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከባለሁ። የምንኖረው ሬኒየር ቢች አፓርታማ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው የሚኖሩት ዴ ሞይን የሚባል ሌላ ከተማ ስለሆነ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሬ ነው የምደርሰው። ቤታቸው ቁልቁል ባሕሩን ያያል፤ በላይ ደግሞ አውሮፕላኑ ጣሪያውን ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ያልፋል። ባለቤታቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። አጥባቸዋለሁ፣ አበስላለሁ፣ ገበያ እሄዳለሁ፤ የቀረውን ሰዓት ሲያወሩ አዳምጣለሁ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ ከአንቱ አውርጃቸው አላውቅም።

አንድ ዝናባማ ቀን የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የመድኃኒት ብልቃጦቻቸውን ደርድረው አስረዱኝ። ትልቁ የልብ መድኃኒት ጀርመን ነው። ትንሹ የእንቅልፍ መድኃኒት የእሳቸው አገር። ፈረንሳይ ከተነካችሁ እዋጋላችኋለሁ ብላ ፈርማለች፤ ሩሲያ ደግሞ ፈረንሳይ ከመጣች እመጣለሁ ብላለች። እንግሊዝ ምንም አልፈረመችም፤ የምትፈልገው ጦርነት እንዳይነሳ ብቻ ነው።

«የጀርመኑ መሪ መጀመሪያ ወታደር እንዳያስገባ በውል የተከለከለውን የራሱን የምዕራብ ድንበር ያዘ። ዓለም ያን ጊዜ እናንተንና ጣሊያንን እያየ ነበር፤ ማንም አልተናገረውም። ቀጥሎ ኦስትሪያን ዋጠ። አሁንም ዝም። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ» አሉና ትልቁን ብልቃጥ ወደ ትንሹ ገፉት።

የአገራቸው ድንበር ተራራ ነው። እዚያ ተራራ ሥር ደግሞ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ይኖሩ ነበር፤ መሪው እነሱን ስጡኝ፣ ከነመሬታቸው፣ አለ። አገሪቱ አልሰጥም ብላ ክተት አወጀች። ሽማግሌው በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የነበሩ ወታደር ናቸው፤ ድንበር ላይ ከተሠራ የኮንክሪት ምሽግ ውስጥ ተመደቡ። ሲሚንቶው ገና በቅጡ አልደረቀም ነበር አሉኝ፤ ግድግዳው ያልበዋል። ጥይቱ ተደርድሯል፣ መድፉ ተወልውሏል። ሰው ሁሉ ለሠርግ እንደሚሄድ እየዘፈነ ነው የመጣው።

«ፈራችሁ?»

«ምን ያስፈራናል? ፈረንሳይ ከኋላ አለች ብለን ነበራ።»

ከዚያ የጀርመን፣ የጣሊያን፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መሪዎች አንድ የጀርመን ከተማ ላይ ተሰበሰቡ። የእሳቸው አገር መልእክተኞች ወደ ስብሰባው አዳራሽ እንዳይገቡ ተደርጎ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ተራራውም፣ ምሽጉም፣ ተሰጠ ተብሎ ተነገራቸው። አዛዣቸው ትእዛዙን ማንበብ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ከወታደሮቹ አንዱ ጫማውን አውልቆ መሬት ተቀመጠ፤ በባዶ እግሬ መቼም አታስኬዱኝም አለ። ጎትተው አስነሱት።

«አንድ ጥይት ሳንተኩስ ወጣን» አሉኝ። «መንገዱ ላይ አልጋውን በጋሪ ጭኖ፣ ላሙን እየነዳ የሚሸሽ ሰው ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ ጠመንጃዬን እያየች ይሄ ለምንድን ነው ታዲያ አለችኝ። ምን እላታለሁ? በስድስት ወር ውስጥ ጀርመኖቹ ዋና ከተማችን ፕራግም ገቡ፤ በረዶ ይጥል ነበር። እኛ የወለወልነው መድፍ ሌላ አገር ለመውጋት ሄደ።»

ያን ቀን እኔም የአባቴን ነገር ነገርኳቸው። አባቴ የደሴ ሰው ናቸው። ጣሊያን ሲመጣ ገና ወጣት ነበሩ፤ ከተማው ውስጥ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ዝም አይልም፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ አውሮፕላን ይልካሉ ይባል ነበር። አባቴ ይህን ያወሩን የነበረው ሳይቆጡ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆነው ነው። ሰዉ ከቤቱ እየወጣ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር ይሉናል።

«አውሮፕላኑ መጣ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«መጣ። የጣሊያን ነበር። ከተማውን አቃጠለው።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። የጠረጴዛውን መድኃኒት እየለየሁ ወደየቦታው መለስኩ።

የሽማግሌው ቤት ከጎረቤቱ የሚለየው በዝቅተኛ የቁጥቋጦ አጥር ነው። ጎረቤቲቱ ወደ ስድሳ የምትጠጋ ረጅም ሴት ናት፤ አሜሪካዊ ወታደር አግብታ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት። ለሁሉም ሰው ጀርመናዊት ነኝ ትላለች። ዓርብ ዓርብ ውስጡ ፕሪም የሚባል ፍሬ ያለበት የድንች ሊጥ ድብልብል አድርጋ ቀቅላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ታመጣለች። ሙስሊም መሆኔን ካወቀች ወዲህ በር ላይ ስትሰጠኝ «ሥጋ የለበትም፣ አሳማ የነካው ነገር የለም» ትለኛለች።

ሽማግሌው አይቀምሱትም። «መልሺላት» ይላሉ ሁልጊዜ። እኔ መመለሱ እያሳፈረኝ ቤቴ እወስደዋለሁ፤ ልጆቼ በጣም ለመዱት።

በመጨረሻ ጠየቅኋቸው። «ምን አድርጋዎት ነው?»

«ጀርመን አይደለችም» አሉኝ። «የኔ አገር ሰው ናት፤ ከተራራው ሥር። የመጀመሪያዋን ቃል ስትናገር ነው ያወቅኋት። እኛ ስንወጣ ለሚገባው ጦር አበባ ከወረወሩት ናት።»

«እንዴት አወቁ?»

«ሁሉም ወርውረዋል።»

እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ። በፈረንጆቹ ሰማኒያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ በአንድ መስከረም፣ ተራራው ከተሰጠ ኃምሳ ዓመት ሞላው ተብሎ ቴሌቪዥን ሊያሳይ መሆኑን ሽማግሌው ሰሙ። ያን ጊዜ ከወንበር በሰው እጅ ነው የሚነሱት። ከሰዓት በኋላ ተቀምጠው ሳለ «ጥሪያት» አሉኝ።

«ማንን?»

«ጎረቤቲቱን። ስታየው ማየት እፈልጋለሁ።»

ባልጠራት ይሻል እንደነበር ዛሬም አስባለሁ። ግን ከስንት ዓመት በኋላ በራቸውን ሊከፍቱላት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት። ሴትየዋ ጥቂት አመነታች፤ ከዚያ ሽርጧን አውልቃ፣ ጸጉሯን በእጇ አስተካክላ ተከተለችኝ።

ሦስታችን ተቀመጥን። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከአውሮፕላን ወርዶ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ባርኔጣውን እያወለቀ ጮኸለት። ሰላም ሆነ ብለው ነው። ቀጥሎ የሽማግሌው ተራራ መጣ። ታንክ በመንደር መንገድ ሲገባ፣ ሴቶች እያለቀሱ እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ነጭ ካልሲ ያደረጉ ሴት ልጆች ከቅርጫት አበባ ሲወረውሩ።

ሽማግሌው ቴሌቪዥኑን ትተው እሷን ያዩ ነበር። «የትኛዋ ነሽ?» አሏት።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አለች። «አበባውን እናቴ ናት የሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። በዚያ ቀን ማንም አልሞተም።»

«በዚያ ቀን አልሞተም» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ በጀርመንኛ መነጋገር ጀመሩ። እኔ ምንም አልገባኝም፤ ድምፃቸው ግን እየጨመረ ሄደ። ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ በእጃቸው ይመታሉ። ውሃ ላመጣላቸው ስነሳ ሴትየዋ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰች። እኔም እንድሰማ የፈለገች መሰለኝ፤ የምትናገረው ግን እሳቸውን እያየች ነው።

«ሁሉም ወረወረ ይላሉ። አጎቴ አልወረወረም። የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበር፤ የጀርመኑን መሪ ሰዎች ይጠላቸው ነበር። ጦሩ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ እናንተ ሸሸ፤ እርስዎ በሄዱበት መንገድ፣ ከወታደሮቻችሁ ኋላ። የእናንተ ሰዎች ጀርመን ነህ ብለው ባቡር ላይ ጭነው መለሱት። ጣቢያው ላይ ይጠብቁት ነበር። እስር ካምፕ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።»

በላያችን አውሮፕላን አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ሽማግሌው «ባቡሮቹን አይቻለሁ» አሉ። «ሲለምኑ ሰምቻለሁ። እኛም የምንገባበት አልነበረንም።»

«አውቃለሁ» አለች። «በኋላ ጦርነቱ ሲያልቅ እናቴንና እኔንም አንድ ሻንጣ አስይዛችሁ አባረራችሁን። ያንን አላወራም። አጎቴን ብቻ ነው የማወራው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «አስተኚኝ» አሉኝ። ደግፌ ወደ መኝታ ቤት ስወስዳቸው ከወትሮው ከበዱኝ። ስመለስ ሴትየዋ ሄዳለች።

በሚቀጥለው ዓርብ አልመጣችም። ሽማግሌው ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

«አልመጣችም?» አሉኝ ወደ ማታ።

«የምታመጣውን እኮ አይበሉትም» አልኳቸው።

«እሱ ሌላ ነው።»

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው «ሶ ለምን ኮል አያደርግላትም?» አለኝ፤ ድካም አናቱ ላይ ወጥቶ ነበር። እኔም ለሽማግሌው ስልኩን አቅርቤ ልደውልልዎ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እምቢ አሉ። በራሴ ፈቃድ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ሴትየዋ በሩን ከፈተችልኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም።

«ለልጆቼ ያልነገርኳቸውን ነው ለእሳቸው የነገርኩት» አለችኝ። «አሁን ፊታቸውን ማየት አልችልም። ሳላወራ ስኖር ይሻለኝ ነበር።»

«እሳቸው እየጠበቁዎት ነው።»

«የሚጠብቁኝ ምን እንድላቸው ነው?»

ሁለቱንም እወዳቸው ነበር፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ ያሰብኩት ተነጋግረው ከወጣላቸው ይቀላቸዋል ብዬ ነው። አልቀለላቸውም።

ብርዱ ሲጠነክር ሽማግሌውን ሳንባቸውን አመማቸው። ሆስፒታል ገብተው ጥቂት ሰነበቱ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው በገዛ ቋንቋቸው ብቻ ነበር የሚያወሩት። አጠገባቸው የሚሰማው ሰው አልነበረም። እኔ እጃቸውን ይዤ በአማርኛ «አይዞዎት» እላቸዋለሁ። ልጃቸው የደረሰው ካረፉ በኋላ ነው።

ቀብሩ ላይ ሰው ጥቂት ነበር፤ ዝናቡም አላቆመም። ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዶ አብሮኝ መጣ። ሥርዓቱ ሊያልቅ ሲል የጎረቤቲቱን መኪና ከመቃብሩ ወዲያ፣ ከዛፎቹ ሥር ቆሞ አየሁት። ሄጄ መስኮቱን አንኳኳሁ፤ ዝቅ አደረገችው። ጥቁር ለብሳለች።

«አይወጡም?» አልኳት።

«ልጃቸው ማን ነሽ ቢለኝ ማን ነኝ እለዋለሁ?»

ጎረቤት ነኝ ይበሉት ልላት ነበር። መስኮቱን ዘጋች፤ ትንሽ ቆይታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም። በዚያው ክረምት ቤቷን ሸጣ ልጇ ዘንድ፣ ወደ ምሥራቅ፣ እንደሄደች ሰማሁ።

ባለቤቴ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ ሥራው ሲመለስ እኔን ሬኒየር ቢች ያደረሰኝ የሽማግሌው ልጅ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ ደከምኩላቸው ደጋግሞ አመሰገነኝ። ሶዶ የሚባለውን የሲያትል ሰፈር አልፈን መጋዘኖቹን እያየን ስንሄድ «አባቴ ስለ ጦርነቱ አውርቶሽ ያውቃል?» አለኝ። «ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።»

እንግሊዝኛዬ እስከቻለ ድረስ ነገርኩት፤ ስለ ተራራው፣ ስለሚያልበው ግድግዳ፣ ጫማውን ስላወለቀው ወታደር፣ በጋሪ ስለተጫኑት አልጋዎች። የጎረቤቲቱን ነገር ተውኩት፤ የእኔ አልነበረም። ልጁ መንገዱን እያየ በጥሞና ሰማኝ። ከቤቴ ፊት ለፊት መኪናውን አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወደ እኔ ዞረ።

«ኦኬ፣ አባቴ አልተዋጋም ማለት ነው» አለኝ።

«አልፈቀዱላቸውም» አልኩት።

ልዩነቱ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም። እጄን ጨብጦ ተሰናበተኝ፤ እኔም በዝናቡ ውስጥ ደረጃውን ወጣሁ። በሚቀጥለው ሰኞ አሠሪዎቼ ሌላ አቅመ ደካማ ቤት ላኩኝ።