ጋሽ ወልዱ ያዩት ጎማ

ሐሙስ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሰቆጣ

ከሰቆጣ የወጣነው ሁለት ነን፤ እኔና አከራዬ እትዬ ደስታ። የምንሄደው ደሃና ውስጥ ከአምደወርቅ ወዲህ ባለች መንደር የሚኖሩትን እናቷን፣ እማማ ለምለምን ለማምጣት ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደዋል። እኔ በነርስነት ወደምሠራበት ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች ከሌላ ከተማ መጥተው ለጥቂት ቀናት ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው ምርመራ ነገ ዓርብ ጠዋት ነው። ነገ ያልደረሰ ሌላ ዙር ይጠብቃል፤ ያ ዙር መቼ እንደሚመጣ የነገረን የለም።

መኪናዋ የእኔ ናት። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ የገዛልኝ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ የሰቆጣ ባጃጅ ነጂዎች ድምፅ ስለሌላት «ድዳዋ» ይሏታል። እነሱ ቤንዚን ፍለጋ ጀሪካን ይዘው ሲንከራተቱ እኔ ማታ ሶኬት ላይ ሰክቼ ጠዋት እነዳለሁ። ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አውርቻለሁ፤ ጉራዬ ቀላል አልነበረም።

ስለዚህ ከሁለት ሳምንት ወዲህ መሪዋ ወደ ቀኝ መሳብ ስትጀምር ለማንም አልተናገርኩም። ጎማዋ ጉድጓድ ሲገባ ከቀኝ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከወር በፊት ወልድያ ውስጥ አንድ መካኒክ የቀኙን ቴስቲና፣ ማለትም መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን አንጓ፣ ቀይሮልኝ ነበር። ስደውልለት «የኤሌክትሪክ መኪና አይደለች እንዴ? ሶፍትዌሩ ነው። አጥፊና አብሪያት» አለኝ። አጠፋኋት፤ አበራኋት። አልፎ አልፎ ስክሪኑ ላይ ቢጫ የመሪ ምልክት ይመጣል፤ ከሥሩም በቻይንኛ የተጻፈ ነገር አለ። ማንበብ ያልቻልኩትን እንዳልተጻፈ ቆጠርኩት። በሽተኛ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ እኔ ራሴ ነበርኩ የምቆጣው።

ከከተማው ስንወጣ ባትሪው ዘጠና አራት በመቶ ያሳያል። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ዳገቱን እየቆረሰ ይወጣና ወዲያው ቁልቁል ይጥላል። ከግራና ከቀኝ በድንጋይ እርከን የተያዙ ትንንሽ የማሽላ ማሳዎች አሉ፤ ከፍ ስንል ደግሞ ገብስ ይጀምራል። እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ዋግ ስመደብ «ድንጋይ ልትቆጥሪ ነው» ብለውኝ ነበር። ድንጋዩ እውነት ነው፤ ሰዉ በዚያ ድንጋይ ላይ እህል ማብቀሉን ግን ማንም አልነገረኝም።

ረፋድ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ገበያው ላይ

በመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ትንሽ የገበያ ቦታ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሽሮ በማሽላ እንጀራ ለሁለታችን ሁለት መቶ ብር ከፈልን። ማር የሚሸጡ፣ ፍየል የሚጎትቱ፣ ጨው የሚሰፍሩ ሰዎች መኪናዋን ከበቡ። አንዱ ጆሮውን ቦኔቷ ላይ አድርጎ «ሞተሩ የት ነው ያለው?» አለኝ፤ ሌላው ሳልመልስለት «በሪሞት ነው የምትሄደው» ብሎ አስረዳው።

ከግራር ሥር አንድ ሽማግሌ ማረሻና ማጭድ ዘርግተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ከሁሉም ተለይተው ዝቅ ብለው የመኪናዋን የፊት ጎማ ያያሉ። እጃቸውን ወደ እኛ ሊያነሱ ሲሉ እትዬ ደስታ ነጠላዋን አውልቃ ጎማው ላይ ጣል አደረገችና በሽማግሌውና በመኪናዋ መካከል ቆመች።

«ቀጥቃጭ ነው» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። «አዲስ ነገር ነው፤ ባያየው ይሻላል። ዓይኑ ይበላል።»

ሽማግሌው ሰሙ። እጃቸውን መልሰው አንድ ማጭድ አነሡና ይሞርዱ ጀመር። እኔም ሰምቻለሁ። ነርስ ነኝ፤ ሰው በዓይኑ ጎማ እንደማይበላ አውቃለሁ። ግን እትዬ ደስታ ታላቄ ናት፤ አከራዬ ናት፤ ቁርሱም ቀርቧል። ዝም አይነቅዝም ብዬ እንጀራዬን ቆረስኩ።

ስምንት ሰዓት፣ መመለሻ

እማማ ለምለም ከመንደራቸው እስከ መኪና መንገዱ በበቅሎ ወርደው ጠበቁን። ከአማርኛ ይልቅ ኽምጥኛ ይቀናቸዋል። ከኋላ ከልጃቸው ጋር አስቀመጥናቸውና ጉዞ ጀመርን። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ «ምነው፣ አንነሣም እንዴ?» አሉ። ተነሥተናል ስላቸው አላመኑኝም፤ መስኮቱን ከፍቼ ነፋሱ ፊታቸውን ሲመታው ነው የሳቁት።

ገበያውን አልፈን ትልቁ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ «ቋ» የሚለው ድምፅ ተደጋገመ። ገደሉ በቀኛችን ነው። አንደኛው ጥምዝ ላይ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ወደ ገደሉ ሄደች። ጨምሬ አዞርኩ። ከሥር አንድ ነገር ሲመታ ተሰማኝና ጎማው ዘግይቶ ታዘዘ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ነበር የረገጥኩት። ወርጄ ሳይ በቀኙ ጎማና በገደሉ አፍ መካከል የቀረው አንድ ክንድ ነው። መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ትንፋሼ ሲመለስ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። እማማን ደግፌ አውርጄ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው።

«ከዚህ ወዲያ አንድ ጋት አልነዳም» አልኩ።

«ቀስ እያልሽ ንጂ እንጂ» አለች እትዬ ደስታ። «ነገ ጠዋት ካልደረስን እናቴ እንዲህ እንደጨለመባት መቅረቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው አይደል?»

«ታውረው ይቆያሉ፤ ገደል ከገቡ ግን የሉም።»

«ልብሽ ድንጋይ ነው።»

«ይሁን።» የመኪናዋን ቁልፍ ደረቴ ውስጥ ከተትኩ። እትዬ ደስታ አለቀሰች። ግን ሕክምናውን ከእኔ በላይ የፈለገው ሰው የለም፤ እማማን አስመዝግቤ ተራ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። መሪ የማይታዘዝ መኪና ላይ ግን ሰው አልጭንም። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ያለፈው አንድ አይሱዙ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ አየሁ። ሰው ክንድ ላይ ደም ሥር ያለ ችግር አገኛለሁ፤ እዚያ ግን የታየኝ አቧራና ጥቁር ብረት ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ገደማ

የጠዋቱ ብረት ቀጥቃጭ ወናፋቸውንና ዕቃቸውን አህያ ላይ ጭነው ከኋላችን መጡ። ደርሰው ቆሙ፤ ሰላምታ ሰጡኝ። ስማቸውን ጠየቅኳቸው፤ ወልዱ እባላለሁ አሉ።

«መሪው እምቢ አለኝ፣ ጋሽ ወልዱ።»

«የቀኙ ነው። ጠዋት አይቼዋለሁ።»

«ምኑን አዩት?»

«ጎማው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ ነበር የቆመው። እኔ መሬት ላይ ነበርኩና ከሥሩ ታየኝ፤ የመሪው ማሠሪያ ዳዶ ተፈትቶ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።»

ንዴት እስከ ጆሮዬ ወጣ። «ታዲያ እያዩ እንዴት ዝም ይሉናል? ሦስት ነፍስ እኮ ነው!»

ጋሽ ወልዱ አልተቆጡም። የአህያቸውን ገመድ እጃቸው ላይ እየጠመጠሙ መለሱልኝ። «ብናገርና መንገድ ላይ ብትሰበር፣ ማን በላት ይባል ነበር? እገሌ አያት፣ እገሌ ስለ ጎማዋ አወራ፣ ተሰበረች። ለእኔ ይሄ አዲስ አይደለም፤ የአንድ ሰው ጥጃ ውብ ናት ብዬ፣ ጥጃዋ ብትሞት ሰፈር የለቀቅኩ ሰው ነኝ። ዝም ካልኩ ግን ስሜን የሚያነሣ የለም።» ገመዱን ፈቱት። «አልቻልኩም እንጂ። ስትመለሱ በገበያው ስታልፉ ሳይ ዕቃዬን ሳልሸጥ ተነሣሁ። ከሰቆጣ ነው የመጡት ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ያቆማችኋል ብዬ ነው።»

ንዴቴ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። «ጠዋት ሰምቻለሁ» አልኳቸው። «ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ በላሁ። ይቅር ይበሉኝ።» እትዬ ደስታ ጀርባዋን ሰጥታን እናቷ አጠገብ ቆማለች።

ጋሽ ወልዱ ነጠላቸውን አውልቀው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። እኔ ክሪኩን አቀረብኩ፤ ጎማውን አነሣን። ነገሩ ሶፍትዌር አልነበረም። ቴስቲናው ሲቀየር ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ትንሽ ሽቦ ሳይደረግ ቀርቷል፤ ኮረኮንቹ ዳዶውን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲፈታው ከርሞ በሁለት ጥርስ ብቻ ቀርቷል። በጉጠታቸው ይዘው እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ከዚያ ከኮሮጇቸው አንድ ሚስማር አወጡ፤ ድንጋይ ላይ አድርገው በመዶሻ እየመቱ ቀዳዳው እስኪቀበለው አቀጠኑት፤ ሰኩትና ጫፉን ወደ ኋላ አጠፉት። ወጥተው እጃቸውን በአፈር አሹ።

«የኤሌክትሪክ ናት ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ። «እዚህ ጋ ግን ብረት ናት።»

ቢሆንም ከአቋሜ ንቅንቅ አላልኩም። ሚስማሩ መያዙን ሳላይ ሰው አላስገባም አልኩ። ቁልቁለቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሽ ወልዱ ጭነቱን ከአህያቸው አውርደው መኪናዋ ላይ ጫኑ፤ ነጠላቸውን አጣጥፈው አህያው ጀርባ ላይ አደረጉና እትዬ ደስታን «እናትሽን አምጪያት» አሏት። አመጣቻቸው። ሁለቱ በግራና በቀኝ ሆነው እማማን ከፍ አድርገው አስቀመጧቸው።

እንዲህ ሆነን ወረድን። አህያው ከፊት፣ ጋሽ ወልዱና እትዬ ደስታ ከግራና ከቀኙ፣ እኔ ብቻዬን መኪና ውስጥ በአህያ እርምጃ ከኋላ። ጋሽ ወልዱ ሦስት ጊዜ አስቁመውኝ ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩ። መሪውን ሳዞር መኪናዋ ትዞራለች። «ቋ» የለም። የሰቆጣ ባጃጅ ነጂዎች ቢያዩኝ ዓመት ሙሉ የሚስቁብኝ ሰልፍ ነበር፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን መኪና መንዳት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ የጋሽ ወልዱ ቤት ከመንገዱ በላይ ይታያል። ጎማውን ለመጨረሻ ጊዜ አዩና «ይዟል፤ ግን አትሩጪ» አሉ። ገንዘብ ስሰጣቸው የሚስማሩን ብቻ አሉና አሥር ብር ወሰዱ። እትዬ ደስታ «እግዜር ይስጥልን» አለቻቸው፤ «አሜን» ብለው ዕቃቸውን መጫን ጀመሩ።

እማማንና እትዬ ደስታን አሳፍሬ ጉዞ ቀጠልን። ሰቆጣ ልንገባ ስንል እትዬ ደስታ «ስለ ቀጥቃጭ ያልኩትን እኔም ከሰው ነው የሰማሁት» አለች። እማማ ከአጠገቧ በኽምጥኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን አሉ አልኳት። «አህያው ደህና አካሄድ ነበረው ትላለች።»

ቤት

ሊመሽ ሲል ገባን። ዓርብ ጠዋት እማማ ምርመራው ላይ ተገኙ፤ በዚያው ቀን የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ወጣ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነው፤ «ከስተሻል» አሏት። አንድ መካኒክ የጋሽ ወልዱን ሚስማር አውጥቶ ትክክለኛውን ሽቦ አደረገልኝ።

ከጉዞው የተማርኩት ስለ መሪ ነው ብል ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ በዚያ መንገድ ላይ ቅጠሉን የያዘው ሰው ነበር፤ አፉን የዘጋነው እኛ ነን። እኔም ጉራዬ እንዳይነካብኝ ሁለት ሳምንት ድምፁን እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። የእሳቸው ዝምታ ከፍርሃት ነው፤ የእኔ ከኩራት። ገደሉ ግን ሁለቱን አይለይም ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ እማማን ወደ መንደራቸው ስንመልስ ያው ገበያ ቆሞ ነበር። ጋሽ ወልዱ ግራሩ ሥር ናቸው። መኪናዋን ፊት ለፊታቸው አቆምኩና ወረድኩ፤ ሰው ከበበን። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ጋሽ ወልዱ፣ መኪናዬን ይዩልኝ» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ወደ ግራሩ አየ። ጋሽ ወልዱ ሰዉን አዩ፤ እትዬ ደስታን አዩ። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከመንገዳቸው ፈቀቅ ብላ አሳለፈቻቸው። መኪናዋን ዞሩ፤ አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ዳሰሱ። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ እኔ በተናገርኩበት ድምፅ መጠን ተናገሩ።

«የግራው የፊት ጎማ ውስጥ ውስጡን ተበልቷል። ሳይፈነዳ ቀይሪው።»

ቀየርኩት።