የሹሙ ማሳ ጭስ

ባሌ ቃፊር ነበር። ከመተማ ወዲህ፣ መንደራችንን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ከጎንደር የሚመጣውን መንገድ ይጠብቃል። ጣሊያን ጎንደር መግባቱ ከተሰማ ጀምሮ የተሰጠው ሥራ ይኸው ነው። ጠላት ብቅ ሲል እሳት ያነዳል፣ እርጥብ ቅጠል ይጭንበታል፣ ጭሱን ያየ ሁሉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ሱዳን ይሻገራል። ከዚያ የበለጠ ጥበብ አልነበረበትም።

የኬላው ሹም ደግሞ አዋጅ አስነግሮ ነበር። በኛ ቆላ በጋው ሊያልቅ ሲል ገበሬው የማሳውን ገለባና ሣር ያቃጥላል፤ ያን ሰሞን አገሩ በጭስ ይታፈናል። ስለዚህ ጥበቃው እስኪያበቃ ማንም ማሳውን እንዳይለኩስ፣ የለኮሰም እንዲቀጣ ተባለ። ሰዉ አጉረመረመ፣ ግን ታዘዘ። ስንቅ ላደርስለት ስወጣ ባሌ ጥርት ወዳለው ሰማይ እያየ፣ "ዘንድሮ ሰማዩ የኔ ነው" ይለኝ ነበር።

የምናርሰው የሹሙን መሬት ነው። ባሌ ኮረብታው ላይ ስለሚውል የማሳው ሥራ በኔ ላይ ወድቋል። አንድ ቀን ሹሙ በበቅሎ መጣና ከማሳው ዳር ቆሞ፣ "ነገ ጠዋት ለኩሽው። ዝናቡ ሊቀድመን ነው" አለኝ።

"አዋጁስ፣ ጌታዬ?" አልሁ።

"አዋጁን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም?"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መሳቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ሹም ሲስቅ አብሮ አለመሳቅን ግን ማንም አላስተማረኝም።

በማግስቱ ለኮስሁት። ማሳው ከኮረብታው ሥር ነው። በዋዜማው ካፊያ ጥሎበት ስለነበር ሣሩ ከመንደድ ይልቅ ነጭ ጭስ ያወጣ ጀመር። ረፋዱ ላይ ቀና ስል ከኮረብታው ጫፍም ጭስ ይወጣል። እሳቱ አምልጦኝ ሽቅብ የወጣ መሰለኝ። የባሌ ጭስ ይሆናል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። ሹሙ ምን ይለኛል እያልሁ፣ በቅጠላም ዝንጣፊ የማሳውን ጠርዝ ስደበድብ የጣሊያን ካሚዮኖች ከኋላዬ ባለው መንገድ አለፉ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ገበያተኛው ጭሱን አይቷል። "የሹሙ ማሳ እየነደደ ነው" ተባብሎ ሰሊጡንና ጨውን መስፈሩን ቀጠለ። ካሚዮኖቹ ደርሰው ሰው መሮጥ ሲጀምር ተኩስ ተከፈተ። የሞቱትን እዚያው ከገበያው ዳር ቀበርናቸው። ሹሙ ከኬላው ተነሥቶ፣ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከምሳ በፊት ጋላባት ገብቶ ነበር።

ባሌን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ከእሳቱ አጠገብ በደረቱ ተደፍቷል። ከጎኑ ገና ያልተጫነ እርጥብ ቅጠል ተከምሮ ነበር። እስኪመቱት ድረስ ሲጭን ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቦታ ማሳው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እኔንም እሳት ስለኩስ አይቶኛል። ጮኾብኝ እንደሆነ አላውቅም፣ አልሰማሁትም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ላወርደው ስል ሰዉ እንቢ አለ። ያዩት ጭስ ሁሉ የማሳው ስለ መሰላቸው፣ ተኝቶ አስፈጀን አሉ። ቄሱም ሕዝቡን ፈሩ። እዚያው ኮረብታ ላይ ቀብሬ ድንጋይ ከመርሁበት።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። ገበያው ላይ የሞቱት የጎረቤቶቼ ሰዎች ናቸው፤ ውኃ የምቀዳው ከነሱ ጋር ነው። ሹሙ ሱዳን ነው፣ እኔ ግን እዚህ ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ወንዝ ዳር የባሌን ስም እያነሡ ሲረግሙ እንስራዬን ተሸክሜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አዘንሁ ማለት አልችልም። የደነዘዘ እጅ ቢላ ሲቆርጠው እንደማይሰማው፣ እንዲያ ሆኜ ነበር።

ጣሊያን በወጣ ዓመት ሹሙ ካኪ ኮት ለብሶ ከሱዳን ተመለሰና በቦታው ተሾመ። ጠላት በዚያ በር ያለ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደገባ የበላዮቹ ጠይቀውት ኖሮ አፈርሳታ አስጠራ። አፈርሳታ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ የሚቀመጥበት ሸንጎ ነው፤ የቀረ ይቀጣል፣ ሳይፈቀድለት የወጣም ይቀጣል። ቤት ይዤ ስለምገብር እኔም ተቆጠርሁ። ከሾላው ሥር ሹሙ በወንበር፣ እኛ በመሬት ተቀመጥን።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሰለቸው። ደመናው ጠቁሯል፣ ዘር አልገባም። "የተኛው ቃፊሩ ነው፤ ነገሩ በሱ ይለቅና እንሂድ" የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም ይሰማ ጀመር። ሞቷልና አይከፋውም፣ ተነሥቶም አይከራከርም። ሽማግሌዎቹ እንዲያ ብለው ቢወስኑ ለሁሉም ይመች ነበር። ባሌ ግን እንደ ከዳተኛ እዚያ ድንጋይ ሥር መቅረቱ ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ የምታውቂው ካለ በወፍ ንገሪን" አሉኝ። በአፈርሳታ ወፍ የሚባለው የሚያውቀውን ለሽማግሌዎች በጆሮ የሚነግር ሰው ነው፤ ስሙ አይወጣም። ደግ ሰው ነበሩ፣ ሊሸሽጉኝ ፈልገው ነው። ነገር ግን ስም በሌለው ወሬ የባሌ አጥንት ከኮረብታው አይወርድም። ጭሱን ማን አየ ሲባል የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ተነሣሁ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ መቀመጥም ታክቶኝ ነበር።

"ባሌ ጭሱን አጭሷል፤ አይቸዋለሁ" አልሁ። "በማሳ ጭስ የሸፈንሁበት እኔ ነኝ። እንድለኩስ ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው።"

ድምፄ የእህል ዋጋ የምናገር ይመስል ነበር። የሟቾቹ ዘመዶች ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ወደ ሹሙ የዞረ የለም። ይህን ሳይ ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ ንዴቱን ፈልጌ አጣሁት።

ሽማግሌው ወደ ወንበሩ ዞረው፣ "እውነት ነው ወይ፣ ጌታዬ?" አሉ።

ሹሙ አልካደም። "ብያታለሁ። ማሳው የኔ ነው። እሳቱን የለኮሰው ግን የሷ እጅ ነው፤ አዋጁንም ሰምታለች" አለ።

ፍርዱ ከቀትር በፊት ተሰጠ። ባሌ ነጻ ወጣ፤ አጥንቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲገባ ተፈቀደ። እኔ አዋጅ በመጣሴ ያለችኝን አንዲት ጊደር ተቀጣሁ። ሹምን የሚጠይቀው የበላይ ሹም ነው ተባለና የሱ ነገር ተጽፎ ወደ በላይ እንዲላክ ተወሰነ። ደብዳቤ የሚልከው ራሱ ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈና ከኮቱ ኪስ ከተተው። ሰዉ ወደ ማሳው ተበተነ።

በሳምንቱ አጥንቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ አወረድሁ። አምስት ዓመት ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች መጡ። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ ለሱ ይሁን ለራሳቸው ሟች አላውቅም። እኔ አላለቀስሁም። ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ከኋላ "ሹሙ መጡ" ተባለ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ ግራና ቀኝ ተከፈለለት። ከጉድጓዱ ራስጌ ድረስ መጣ። እዚያ የቆምሁት እኔ ነበርሁ።

አየት ብቻ አደረገኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሁለት። በኔ ቦታ ቆሞ፣ ከሁሉ ቀድሞ አፈር ዘግኖ ባሌ ላይ ጣለ።

ስለ እሳቱ ታዝዤ ነበር ልል እችላለሁ። ያን ዕለት ግን ገለል በይ ያለኝ ማንም አልነበረም።