የይበልጣልን መርዶ ያዘገየሁት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ስንት ጊዜ እፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ውጬ ተነሳሁ? እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ከንፈር ግን አትምጠጡልኝ፤ አልወድም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። እዚያው አጠገብ የጨንቻ ልጅ ነኝ፤ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ገበያ ብወጣ ሰላም የማይለኝ አልነበረም። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ተደራራቢው አልጋ ላይ ከእኔ በታች የሚተኛው ይበልጣል ከጎጃም የመጣ ነው። ሙቀቱ ያሰቃየዋል፣ ሰው አያውቅም፣ ብቻውን በልቶ ብቻውን ይመለሳል። አራት ወር ሙሉ ከራሱ በላይ ተኝቼ “እንዴት አደርክ” ብዬው አላውቅም። ዝም ሲል ኩራተኛ መስሎኝ፣ እሱ ይቅደም ብዬ! እንግዳው እሱ፣ ባለአገሩ እኔ፤ ማን ነበር መቅደም ያለበት?

አንድ ቀን በስሜ ደብዳቤ መጣ። የጻፉት የይበልጣል አጎት ናቸው። አባቱ ማረፋቸውንና ቀብሩ ማለፉን ነግረውኝ፣ “ልጃችን በየደብዳቤው ወንድሜ የሚለው አንተን ነውና በወጉ አርዳልን፤ ለአርባው ይድረስልን” ይላሉ። መርዶ በወዳጅ አፍ ነው የሚነገረው። ልጁ ለካ አባቱ እንዳይጨነቁበት ወዳጅ ፈጥሮ ይጽፍላቸው ኖሯል፤ የፈጠረው ወዳጅ እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ፈተና ደርሶ ስለነበር አምስታችን መክረን ሸሸግነው። ይህን ማንም ያደርገዋል። እስኪፈተን ብቻውን እንዳይሆን አብረነው በላን፣ አብረነው አጠናን፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ወስደን ሙዝ ጋበዝነው። ጨዋታ አዋቂ መሆኑን ማን አወቀ! መምህሮቻችንን ድምፃቸውንና አካሄዳቸውን ሳይቀር እያስመሰለ ሆዳችንን እስኪያመን አሳቀን። በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤው ትዝ ሳይለኝ ከክፍል ስወጣ ዓይኔ እሱን ይፈልግ ጀመር።

ፈተናው አለቀ፣ እረፍት ሆነ። ለአርባው አሥር ቀን ቀርቶታል፤ ያን ቀን ቢሳፈር ይደርስ ነበር። ልጆቹ “ንገረው እንጂ!” አሉኝ። ነገ አልኳቸው። በማግስቱ አባያ ዳር ወርደን አሳ ስንበላ፣ “እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም” አለኝ። እንደገና ነገ አልኩ። ሰባት ቀን ሙሉ ነገ አልኩ። ፈተና የለ፣ ሰበብ የለ። ያቆየሁት ለራሴ ነው። ያገኘሁት ወዳጅ ፊቱ እንዳይጠቁርብኝ ብዬ ልጅን ከአባቱ አርባ አስቀረሁ።

በመጨረሻ በማለዳ አልጋውን ከበን አረዳነው። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የእነሱ አገር በአውቶቡስ ሦስት ቀን ተሂዶ፣ ከዚያም የአንድ ቀን የእግር መንገድ አለው። አልቅሶ አልቅሶ ቀና አለና፣ “ደብዳቤው መቸ ነው የደረሰህ?” ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። አንድ በአንድ ተመለከተን።

“ለካስ ስታስታምሙኝ ነው የከረማችሁ” አለ።

ሐዘንተኛ ብቻውን አይላክም፤ ሲቀላ መናኸሪያ ድረስ ብንከተለው ግን መለሰን። ሲመለስ ዶርም ቀየረ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደማያውቀው ሽማግሌ አንቱ እያለ ሰላምታ ይሰጠኝ ነበር። ከስድብ ሁሉ የከፋው ያ ነበር።

“ለፈተናው ብለህ ነው፤ ምን አጠፋህ?” የሚለኝ ይኖራል። አልፈልግም! ፈተናው አልቆ ነበር። አርባውን ያሳለፍኩበት እኔ ነኝ። ሰው ለመሆን የሰው አባት እስኪሞት የጠበቅሁትም እኔ ነኝ። ይህን በወጣትነት አላሳብብም፤ “እንዴት አደርክ” ለማለት ስንት ዓመት ይፈጃል?

ይበልጣል፣ ይህ ከደረሰህ ስማኝ። ስለ አባትህ የፈረድክብኝን ሁሉ እቀበላለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከአንተ ጋር የዋልኩት አዝኜልህ ነው፤ አልክድም። ከዚያ ወዲያ ግን ማስታመም አልነበረም። ጓደኛዬ ነበርክ። ይህን ካላመንከኝ ይቅርታህም ይቅርብኝ።