ሲራራቁ የሚበዙ ቆርኪዎች

የሁለተኛ ክፍሏን መምህርት ከእህቷ በቀር በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ልጆቹ ቲቸር ቆርኪ ይሏታል፤ ባልደረቦቿም ከኋላዋ እንደዚያው ናቸው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። መንገድ ስትሄድ ዐይኗ መሬት መሬት ያያል፤ የለስላሳ ቆርኪ ወድቆ ካየች ጎንበስ ብላ ታነሳና ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። እህቷ አንድ ቀን አፍራ «ኧረ ሰው ምን ይለናል?» ብትላት፣ «ሂሳብ አስተማሪ ናት ይበሉ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ከክፍሏ ጀርባ ድሮ የመጥረጊያና የተሰበረ ወንበር ማከማቻ የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። መምህርቷ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንታ አስፈቅዳ፣ ሸረሪት ድሩን ጠርጋ የራሷ አድርጋታለች። ውስጧ ያለው ዕቃ ሌባ እንኳ አያጓጓም፦ ቆርኪ፣ ገመድ፣ ረጅምና አጭር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በጨርቅ የተቋጠረ አሸዋ፣ ከልብስ መስቀያ የተሠራ ሚዛን። ልጆቹን አንድ በአንድ ታስገባና አጠገቧ ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ሥራ ትሰጣቸዋለች። ውሃውን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ገልብጠው፤ በዛ ወይስ ያው ነው? የትኛው ቋጠሮ ይከብዳል? ይህን ገመድ እኩል እኩል አድርገሽ እጠፊው። መልሱ ብዙም አያስጨንቃትም፤ የምታየው ጣታቸውን ነው። የሸመደደ ልጅ አፉ ይቀድማል። የሚያስብ ልጅ ግን ጣቱ ዕቃው ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ ጥርሷን በነቀለችበት ሥራ እስከ ዛሬ ያልሰለቻት ያችን መዘግየት ማየት ብቻ ነው።

ከሁሉ የምትወደው የሁለቱን ረድፍ ሥራ ነበር። እኩል ቆርኪ በሁለት ረድፍ ትደረድራለች፤ ልጁ እኩል መሆናቸውን ካመነ በኋላ አንዱን ረድፍ አራርቃ ታስረዝመዋለች። አሁንስ የቱ ይበልጣል? ቁጥር ገና ያልገባው ልጅ ረጅሙን ያሳያል። የገባው ግን «ተራራቁ እንጂ አልተጨመረም እኮ» ብሎ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቋ በትዝብት ያያታል።

ጭምቷ የሚሏት ልጅ እዚያ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ፈጅቶባታል። ጭምቷ ያሏት ድምጿ ስለማይሰማ ነው፤ ሁለተኛ ክፍልንም እየደገመች ነበር። የምታሳድጋት አክስቷ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ኑሮ ነው ያከፋት። ዘንድሮም ከወደቀች ቤት ቁጭ ብላ ሕፃን ልጄን ትያዝልኝ ብላ ቁርጡን ለመምህርቷ ነግራታለች። ጭንቅላት ከገበያ አይገዛ፣ ምን ላድርግ አለች። መምህርቷ ግን ልጅቷ ጭንቅላት እንዳላት አይታለች። አንድ ቀን በዚያች ጠባብ ክፍል ጣቷ ረጅሙ ረድፍ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ፣ ተመለሰ፣ አንድ በአንድ ነካካ፤ ከዚያ ጭምቷ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሳትቆጥር የምታልፈው ነገር የለም። የመስኮቱን ብረት፣ የመምህርቷን የሹራብ ቁልፍ፣ ሁሉንም ትቆጥራለች።

በዚህ መሃል ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዜና መጣ። ከእንግዲህ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በወረቀት ብቻ አይመዘኑም፤ ከውጭ የሚመጣ ገምጋሚ በተጨባጭ ዕቃ እያሠራ ያያቸዋል ተባለ። መምህርቷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ስትስቅባት የኖረችው ዓለም በመጨረሻ ወደ እሷ የመጣች መሰላት። የዋህ ናት መቼስ። ጥያቄው ከነመልሱ ተጠርዞ ለየትምህርት ቤቱ እንደሚላክ አላሰበችም።

ርዕሰ መምህሩ ወጣት ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ፍርሃት እንጂ። ውጤቱ ዝቅ ካለ ወንበሩ እንደምትሄድ ያውቃል። ልጆቹን በመልሱ እንድታለማምድ ለመናት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ብላ ተረተችበትም። እሱ ግን ምን ገዶት፣ በየማለዳው ሰልፍ ላይ ራሱ ያለማምዳቸው ጀመር። አንዱን ረድፍ ሲያራርቀው ምን ትላላችሁ? እኩል ናቸው! ግቢው ሁሉ ያስተጋባል። ያን ሰሞን ጭምቷ አልነበረችም። ሕፃኑ ታሞ አክስቷ ቤት አስቀርታታለች።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ገምጋሚው ጉንፋን የያዘው፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ዕቃ በጊዜ ስላልደረሰ በመምህርቷ ቆርኪ ሊሠራ ተስማማ፤ እሷም ትንፍሽ ላትል ቃል ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ሰውየው መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ ረድፎቹን እንደ አዲስ ይደረድር ነበር። ልጆቹ ግን ገና ወንበሩን ሳይነኩ «እኩል ናቸው!» እያሉ ሲገቡ ሰለቸው። አንዱን ረድፍ እንደተራራቀ፣ ሌላውን እንደተጠጋጋ ተወውና ጥያቄውን ብቻ ይጠይቅ ጀመር። ማንን ያስቀይማል? ሁሉም እኩል ናቸው ይሉታል፤ እሱም ምልክት ያደርጋል።

ጭምቷ ገባች። እኩል ናቸው አላለችም። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካካች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ረጅሙን ረድፍ አሳይታ፣ «ይሄኛው ይበልጣል» አለች። ገምጋሚው በሐዘኔታ ራሱን ነቅንቆ ስህተት ብሎ ጻፈ። መምህርቷም ከኋላ ሆና፣ ፍርሃት አደናብሯት ወደ ድሮዋ ተመለሰች ብላ አዘነችባት እንጂ፣ ልክ ትሆናለች ብላ ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አላሰበችም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቆርኪዎቿን ስትሰበስብ አንድ ጎደለባት። ጠረጴዛውን ፈቀቅ ብታደርገው ከግድግዳው ሥር አገኘችው። የሰውየው እጅጌ ከአጭሩ ረድፍ ጠርጎት ኖሯል። ቆርኪውን እንደያዘች እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷን አለማመኗ ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን በላው።

ወዲያው ገምጋሚውንና ርዕሰ መምህሩን ቢሮ አግኝታ ነገረቻቸው። ገምጋሚው ደነገጠ፤ ሌሎቹ ሁሉ እኩል ነው ብለዋል እኮ አለ። ርዕሰ መምህሩ ግን ነገሩ ቶሎ ገባው፤ በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ እሷ ልክ ናት ካልን ሌሎቹ ሊወድቁ ነው እኮ። ትምህርት ቤቱን በሙሉ ልንጥልላት ነው?»

መምህርቷ ተከራከረች፣ ለመነች፣ ድምጿንም ከፍ አደረገች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባት። በመጨረሻ የገምጋሚው ልብ ትንሽ ራራ። የልጅቷን ውጤት ማረም አልችልም፣ ታማ ነበር ብዬ ነገ ጠዋት እንደገና ላያት እችላለሁ አለ። ከዚያ ወዲያ ጠብ የሚል ነገር አልተገኘም።

በማግሥቱ መምህርቷ ቆርኪዎቹን ራሷ ቆጥራ አስረከበች። ግን ትናንትም ቆጥራ ያስረከበችው ራሷ ነበረች። አክስቲቱ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ ዛሬ ቁርጡን ሳልሰማ አልሄድም ብላለች። መምህርቷ ያን ስታይ ጭምቷን እጇን ይዛ ወደ ውሃ ቧንቧው ወሰደቻት።

«ዛሬ ሲጠይቅሽ፣ እኩል ናቸው በይ።»

«ልቁጠር?»

«አትቁጠሪ የኔ ልጅ።»

«ቢበልጥስ?»

«ቢበልጥም።»

ልጅቷ ገብታ ወዲያው ወጣች። አልፋለች። አክስቲቱ መምህርቷን መርቃ መርቃ አልጠግብ አለች፤ ርዕሰ መምህሩም ትምህርት ቤታቸው በአካባቢው አንደኛ መውጣቱን ሰልፍ ላይ ተናግሮ አስጨበጨበ። መምህርቷ አብራ አጨበጨበች። ለእህቷ ስትነግራት ግን በገዛ አፌ ነው አለች፣ በገዛ አፌ።

ከሳምንት በኋላ ያበላሸሁትን ላስተካክል ብላ ጭምቷን ወደ ጠባቧ ክፍል ጠራቻት። ምንጣፉ ላይ ቆርኪዎቹን በሁለት ረድፍ ደረደረች። አንዱን ረድፍ በቁጥር የሌላውን እጥፍ አደረገችው፤ ዐይን ያለው ሁሉ ሳይቆጥር ይለየዋል። ገምጋሚ የለም፣ ፈተና የለም፣ እንደ ድሮው በጣትሽ ነክተሽ ንገሪኝ አለቻት። የቱ ይበልጣል?

የጭምቷ እጆች ከጭኗ አልተነሱም። ወደ ቆርኪዎቹ አላየችም። ቀና ብላ የመምህርቷን ፊት አየችና ጠበቀች።

«ቲቸር፣ ምን ልበል?»