ለመንዝ መንገድ የተከለከለው ሞርፊን

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስለ ሐሜትና ስለ ቁጣ ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። አስተማሪ ነኝና ነገርን ከሥሩ ማስረዳት ይቀናኛል። ብቻ ማስረዳቴን እንደ ማስተባበያ አትቁጠሩልኝ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። ካዛንቺስ ከእሷና ከልጇ ከዳዊት ጋር እንኖር ነበር። ካንሰር ይዟት ነበር፤ ሕመሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ያለ ሞርፊን መቀመጥም መተኛትም አቅቷታል። ሞርፊን ደግሞ እንደ ሌላ መድኃኒት ከየመድኃኒት ቤቱ አይገዛም። በልዩ ማዘዣ፣ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ብቻ፣ የወር የወሩ ይሰጣል። ያለፈው ሳያልቅ የሚቀጥለውን ለመውሰድ በቂ ምክንያት ይጠየቃል።

ምክንያት ነበራት። መንዝ ያለው ታላቅ ወንድሟ ሲሞት ታማ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። "ተዝካሩ ላይ እንኳ ቆሜ ካላለቀስኩለት ምኑን እህት ሆንኩ?" ትል ነበር። ተዝካሩ የሚውለው መድኃኒቷ በሚያልቅበት ሰሞን ነው፤ እዚያ ደግሞ ሞርፊን የሚባል ነገር አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሟ ቀድማ እንድትወስድ ጻፈላት።

እኔ ግን ተጠራጠርኩ። ያን ሰሞን አልጋዋን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ክኒን አገኘሁ። በሰዓቱ የሚዋጥ ክኒን እንዴት ይተርፋል? ስጠይቃት "ኧረ ተይኝ የኔ መርማሪ! እኔንም እንደ ተማሪዎችሽ ልትፈትሺኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ራሱ አጠራጠረኝ። ዳዊት ሥራ ከፈታ ቆይቷል። ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ከጋራዥ ልጆች ጋር ያመሻል፤ ሲገባ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ለጥያቄዬ ሁሉ "በቃ ደክሞኛል" ብሎ ይተኛል። እኔ የትምህርት ቤታችን የፀረ ሱስ ክበብ ተጠሪ ነኝ። የሕመም ማስታገሻ ከታማሚ ቤት ወጥቶ እንዴት መንገድ ላይ እንደሚሸጥ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ። ያንኑ ሥዕል ቤቴ ውስጥ አየሁት። ወይስ ማየት ስለፈለግሁ ነው ያየሁት?

የመንዙ መኪና በማግስቱ ሊነሳ ሆስፒታል አብረን ሄድን። ፋርማሲስቷ ማዘዣውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው።

"እማማ፣ የእጅዎ ገና አላለቀም እኮ። እውነት ይሄዳሉ?"

"በዚህ ወገቤ ለሽርሽር የምሄድ መሰለሽ ልጄ? ወንድሜን ላለቅስ ነው እንጂ።"

ፋርማሲስቷ ፈገግ አለች። ልትሰጣት ነበር። እኔ እቴቴን ደግፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ብቻዬን ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ማለቴ... ቤት ውስጥ የተደበቀ ክኒን አለ። ልጇም ሁኔታው ጥሩ አይደለም። ስለ ጉዞው እኔ እርግጠኛ አይደለሁም" አልኩ። ስለ ጉዞው ግን እርግጠኛ ነበርኩ። የመኪናውን ትኬት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ፋርማሲስቷ አመሰገነችኝ። ማዘዣውን መልሳ "ጊዜው ሲደርስ ኑ" አለች። ሲያመሰግኑኝ ደስ አላለኝም ልበል? ደስ ብሎኛል።

ታክሲ ውስጥ እቴቴ እጄን ያዘች። "ስትለምኚልኝ አየሁሽ እኮ። አንቺ ባትኖሪ ማን ይሟገትልኝ ነበር?" አለች። እጇን መልሼ ጨበጥኩ። ሙሉ ውሸት መናገር እንኳ አላስፈለገኝም፤ እሷው ጨረሰችልኝ።

መንዝ ይዟት የሄደው ዳዊት ነው፤ የሆነውንም የሰማሁት ከእሱ ነው። ጨርቁ ውስጥ የነበረው ክኒን የመንገድ ስንቋ ኖሯል። ምናልባት ይከለክሉኛል ብላ ፈርታ፣ ሕመሙን እየቻለች፣ ከገዛ ድርሻዋ እየቀነሰች ያጠራቀመችው። ያም፣ በእጇ የቀረውም መንዝ አደረሳትና አለቀ። ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርጉ፣ ዘመዱ ድንኳን ውስጥ ወንድሟን እያነሳ ሲያለቅስ፣ እሷ ጓዳ ተኝታ ድምፅዋ ሰው እንዳይረብሽ ነጠላዋን ነክሳ ታቃስት ነበር። ለወንድሟ አንዲት እንባ ለማፍሰስ እንኳ ፋታ አላገኘችም። የዳዊት ዓይንስ? ጋራዥ ውስጥ ብየዳ እየተማረ ነበር። መነጽር የሚያውሰው ሲያጣ በባዶ ዓይኑ ይበይዳል። ሥራ ሳይዝ ለእናቱ መናገር አፍሮ ነው የደበቀን።

ከዚያ ወዲህ የምጠረጥረው ራሴን ነው። በእርግጥ ለሕጉ ተጨንቄ ነበር? ለሕጉ የሚጨነቅ ሰው እውነቱን ይናገራል፤ እኔ ትኬቱን ደብቄ ነው የተናገርኩት። ወይስ ዳዊት የወለደችው፣ እኔ ግን ያሳደገችኝ መሆኔ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ከእሱ በልጬ መገኘት ፈልጌ ነው? ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ባቀርብለት ኖሮ መልሱን ከፊቱ አነብ ነበር።

እቴቴ ከመንዝ ከተመለሰች በኋላ ብዙ አልቆየችም። ለቅሶው ላይ ዳዊት በሰው ፊት ትከሻዬን አቅፎ "እናቴን ያስታመመችልኝ እሷ ናት። ፋርማሲ ድረስ ሄዳ የተሟገተችላት እሷ ናት" አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። አሜን አልኩ። በእቴቴ ስም የተሰጠኝን ምርቃት አሜን ብዬ ተቀበልኩ!

ሰፈራችን ፈርሶ አሁን ዳዊት ቄራ፣ እኔ ላንቻ እንኖራለን። አሁንም ደውሎ "እህቴ፣ በላሽ?" ይለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የታመመው የእናንተ አጥንት አይደለም፤ የተጠረጠረውም የእናንተ ስም አይደለም። ከእናንተ ይቅርታ ተቀብዬ ዳዊትን በዚያው ምስጋናው ብተወው ያው ሁለተኛ ማታለል ነው። እሁድ ቄራ እሄዳለሁ። በሩን ሲከፍት "ግቢ እንጂ እህቴ" ማለቱ አይቀርም። ደጃፉ ላይ ቆሜ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላም ግቢ ካለኝ እገባለሁ።