ደርሶ መልስ የሚለው መስመር

ጋሼ ምናሴ በየማለዳው የአሮጌዋን ፊያት ኮፈን ከፍተው ቀጭን የወይራ እንጨት ከኮፈኑ ሥር ባለው የቤንዚን ሰልባትዮ ውስጥ ይነክራሉ። ጌጁ መሥራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እንጨቱ ላይ በካራ የተቀረጹት መስመሮች ግን ሊትር አይቆጥሩም፤ «አጣዬ»፣ «ደብረ ሲና»፣ «ደርሶ መልስ» ይላሉ። እርጥበቱ የቱ ጋ እንደደረሰ አይተው ክዳኑን ይገጥማሉ። ትንሽ ይቆዩና ደግሞ ይከፍቱታል።

ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ አርፈው መቀመጥ አልሆነላቸውም። ከደብረ ሲና ወደ መኖሪያቸው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው፣ ማርሹን አላቅቀው ፎሌ ላይ አድርገው ይለቋታል።

«ጋሼ፣ መኪናዎ ዛሬም ጾመኛ ናት?» ይላቸዋል የሚኒባስ ሹፌሩ ኡበይድ ማደያው ሰልፍ ላይ።

«በሊትር አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር! ያንተዋ እኮ ቆማም ትጠጣለች።»

ባለቤታቸው እትዬ ፋናዬ በየቅዳሜው ደብረ ሲና ያለች ታማሚ እኅታቸውን ይጠይቃሉ። የካቲት ላይ አብረው ሲመለሱ፣ ሞተሩ እንደልማዱ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለ። መኪናዋ መንገድ ዳር ያለ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። ማንም አልተጎዳም።  በሳምንቱ እትዬ ፋናዬ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በእግራቸው ወደ መናኸሪያ አመሩ።

«ከእንግዲህ ከአንተ ጋር አልሳፈርም» አሉ ከበር ሲወጡ።

ጋሼ ምናሴ ያን ቀን ሲገቡ ሲወጡ ዋሉ። የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው እንጨቱን ነከሩ፤ «ደርሶ መልስ» ላይ ረጥቧል። ባለቤታቸው የተሳፈሩበትን የኡበይድን ሚኒባስ ከኋላ ከኋላ ተከትለው ዳገቱን ወጡ።

እትዬ ፋናዬ ከእኅታቸው ቤት ሲወጡ ፊያቷን በር ላይ አገኟት።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን ጠራህ?»

«ፍሬኑን አሠርቻለሁ።»

«እኔ የምፈራው አንተን ነው። ሞተሩን አታጠፋም?»

«ፋናዬ ትሙት፣ አላጠፋም!»

«ደግሞ እኔኑ ገድለህ ትምላለህ?»

እትዬ ፋናዬ ሳቃቸው አመለጣቸውና ገቡ። እጃቸውን ግን የሞተሩ ቁልፍ ላይ አሳረፉ።

ጋሼ ምናሴ በማርሽ፣ ሞተሩ እየሠራ ወረዱ። ስለ እንጨቱ ትንፍሽ አላሉም፤ «ደርሶ መልስ» የሚለው መስመር የተቀረጸው ሞተር ጠፍቶ ለሚወረድበት መንገድ ነው። ከአርማኒያ ከተማ በኋላ ላብ አጠመቃቸው። አንዴ ቁልፉን፣ አንዴ ቁልፉ ላይ ያለውን እጅ ያያሉ። አላጠፉም።

ሮቢት መግቢያ ላይ ሞተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ።

«አጠፋኸው!»

«አላጠፋሁም፤ ራሷ ጠፋች።»

በሊትር አሥራ ስምንት የሚሉት ሰው ቤንዚን ጨረሱ። እትዬ ፋናዬ መሪ ጨብጠው፣ እሳቸው ከኋላ እየገፉ ከተማ ገቡ፤ ኡበይድም በአጠገባቸው ሲያልፍ ጥሩንባውን ለቀቀው። ይህን ታሪክ ልጽፈው ፈቃድ ስጠይቃቸው «ሌላውን እንዳሻሽ» ብለውኝ ነበር ጋሼ ምናሴ፣ «መግፋቴን ግን አትጻፊው።»