የእህቴ ጥፍርና ሱፐር ግሉ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ እምቢ ያለ መሳቢያ ስስብ የጠቋሚ ጣቴ ጥፍር እስከ መሀሉ ተሰነጠቀ። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ከቦርሳዋ ሱፐር ግሉ አውጥታ ክዳኑን ስትከፍተው፣ ያ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ከወንበሬ አንስቶ አዳማ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አስቀመጠኝ።

በዚያ ዓመት ታላቅ እህቴ ሌንሳ ጥፍር ታሳድግ ነበር። ከአርሲ ነገሌ ሽማግሌ እንደሚላክላት ከታወቀ ጀምሮ፣ ጥፍር ያጠነክራል የተባለ ነገር ሁሉ ከማጀት ወደ ጣቶቿ ተዛወረ፤ ጠዋት ሎሚ፣ ማታ ለብ ያለ ዘይት፣ በመሀል የተላጠ ነጭ ሽንኩርት። ሽንኩርቱን የማሸው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ሽታው መሯት ቦታ ቀየረች፤ እኔ ግን አላማረርኩም። አንድ አልጋ የምጋራት እህቴ ልትሄድብኝ እንደሆነ ገብቶኝ ስለነበር፣ እጇን የምይዝበት ሰበብ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት እሁድ ጠዋት፣ ሌንሳ ከጠበቀ የጄሪካን ክዳን ጋር ስትታገል የቀኝ ጠቋሚ ጣቷ ጥፍር ቀጭ አለ። ለቅሶዋን ሰምታ የሮጠችው እማዬ ነገሩን ስታይ ተናደደች። «አንቺን ነው ወይስ ጥፍርሽን የሚለምኑት?»

ሌንሳ ከጎረቤት የሰማችው ዘዴ ነበራት፤ ከሻይ ከረጢት ቁራጭ ወረቀት ቆርጦ ስንጥቁ ላይ በሱፐር ግሉ መለጠፍ፣ ሲደርቅ ሞርዶ ቀለም መቀባት። ዘዴው ደህና ነበር። ወረቀቱን ጫን አድርጌ እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ግን ከልክ በላይ ታዛዥ ነበርኩ፤ «በቃሽ» እስክትለኝ ድረስ ያዝኩ። «በቃሽ» ስትለኝ የግራ አውራ ጣቴ ከጣቷ አልላቀቅ አለ። ሙቅ ውሃ ሞከርን፣ ሳሙና ሞከርን፣ እማዬ ዘይት አፈሰሰችብን። ላምባ ፍለጋ ስትነሳ ደጅ ላይ መኪና ቆመ።

ሳሎን ውስጥ ነገሩ በደህና አልቆ «ልጅቷ ትምጣና ጉልበት ትሳም» ሲባል፣ የተጣበቀ እጃችንን በነጠላ ሸፍነን አብረን ወጣን። እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የምደበቀው እኔ፣ እሷ ስታጎነብስ እያጎነበስኩ አራት ሽማግሌ፣ ስምንት ጉልበት ሳምኩ። ጥፍሯን ያየ ግን አንድም አልነበረም።

ከዘራቸውን የተደገፉት ትልቁ ሽማግሌ ተራ በተራ አዩንና፣ «አካም ጂርቱ፣ ልጆቼ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሉን በኋላ ወደ አባዬ ዞሩ። «እኛ አንዲት ልንለምን ነበር የመጣነው። ሁለት ልትሰጡን ነው እንዴ?»

ምን እንደተፈጠረ የማያውቀው አባዬ፣ «ትንሿ ምራቂ ናት» አለ።

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ፤ ሌንሳም አንገቷን እንደደፋች ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት አለ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ሥራውን ሠርቶ ኖሮ፣ ሦስተኛው ሽማግሌ ጋ ስንደርስ አውራ ጣቴ ተላቆ ነበር። እኔ ነኝ መልሼ የጫንኩት። እንግዶቹ እስኪሄዱ፣ ምሳም በቀኝ እጄ እያጎረስኳት እስክንጨርስ ድረስ አለቀቅኳትም።

አሁን ሌንሳ የሦስት ልጆች እናት ናት። ስትመጣ በር ላይ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን እንደ እንግዳ ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ ስለ ልጆቿ ትምህርትና ስለ መንገዱ እንጫወታለን፣ ከዚያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሙሉ ቀን እጇን ይዤ የምቆይበት ሌላ ሰበብ ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።